ሳራም እና ማል

እኔን እታለምን አንድ ቀን የሚገድለኝ አፌ ነው። ኖርዌይ፣ ፉሩሴት የሚባል ሰፈር ባለው ቤቴ ሶፋ ላይ ተጋድሜ የኮሪያ ተከታታይ ድራማ ስላየሁ ብቻ፣ ሥራ ቦታ «ኮሪያኛ እችላለሁ» ብዬ አወራሁ። ማን ጠየቀኝ? ማንም!

የማውቀው ይህችን ብቻ ነው፦ የአገሩ ስም ላይ «ሳራም» ሲጨመር ሰውየው፣ «ማል» ሲጨመር ቋንቋው ይሆናል። ሀንጉክ ሳራም ኮሪያዊ፣ ሀንጉክ ማል ኮሪያኛ። በዚህችው የዓለሙን ሕዝብ ሁሉ ስም ሳወጣለት ከረምኩ እንጂ፣ ውኃ እንኳ መለመን አልችልም።

ታዲያ እኔ የምሠራበት የአረጋውያን መኖሪያ እማማ ሱንጃ የሚባሉ ኮሪያዊት ገቡ። የመርሳት በሽታ ኖርዌጅኛቸውን ወስዶባቸው ኮሪያኛው ብቻ ቀርቶላቸዋል። ምግብ ሲቀርብላቸው እጃቸውን ያወዛውዛሉ፤ ባልደረቦቼም «ናይ፣ አልፈልግም ብለዋል» ብለው ሳህኑን ያነሳሉ። የሰው ፈቃድ ይከበራላ! ሴትዮዋ ከስተው አለቁ።

አለቃዬ ማሪት ጠራችኝ። «ዛሬም ካልበሉ ሆስፒታል ልንልካቸው ነው። አንቺ ቋንቋቸውን ስለምትችይ እባክሽ አናግሪያቸው» አለችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ገባሁ። ማሪት በሩ ላይ ቆማለች። ጉሮሮዬን ጠርጌ ወደ እማማ ሱንጃ እየጠቆምኩ «ሀንጉክ ሳራም» አልኩ። እሱንማ ያውቁታል! ደረቴን ነካ አድርጌ «ኢትዮጵያ ሳራም» አልኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ። ወደ ማሪት ዞሬ «ኖርዌይ ሳራም» አልኩና ኮሪያኛዬ እዚያው አለቀ።

ሾርባውን አቀረብኩላቸው። እጃቸውን አወዛወዙ፤ ዓይናቸው ግን ሳህኑ ላይ ነው። ወይ ጉድ! ይህን እምቢታ እኔ ላጣው ነው? እናቴ ሰው ቤት ሄዳ፣ ሆዷ እየጮኸ «አሁን በልቼ ነው የመጣሁት» የምትለው እኮ ነው! በአማርኛ ለቀቅኩት።

«ኧረ በሞቴ! አንድ ጊዜ ብቻ ይቅመሱልኝ!»

አሁንም አወዛወዙ።

«እኔ ልሙት! በሞቴ አልኩ!»

ፈገግ ብለው አፋቸውን ከፈቱ። ከሾርባው ጠብታ አላስቀሩም።

ማሪት ዓይኗን እየጠረገች «ኮሪያኛሽ እንዴት ያምራል!» አለችኝ። እውነቱን ልነግራት አሰብኩና ፈራሁ። ከዚያ ወዲያ እማማ ሱንጃን የማበላው እኔ ሆንኩ፤ እኔም በኩራት ተነፋሁ።

አንድ ቀን ማሪት አብራን ተቀምጣ ሳለች እማማ ሱንጃ ብስኩታቸውን ቆርሰው ዘረጉልኝ። ምሳ ሳልበላ ነበር የዋልኩት። «አይ፣ በልቻለሁ» ብዬ እጄን አወዛወዝኩ። ተቆጡ። ብስኩቱን ወደ አፌ አስጠግተው፣

«በሞቴ!» አሉኝ።

ጎረስኩ። እንባዬ ቀደመኝ።

ማሪት ግራ ገብቷት «ምን አሉሽ?» አለች።

«ብዪ አሉኝ።»

«ቃሉ ደስ ይላል። እኔም ይህን ኮሪያኛ መማር አለብኝ።»

«አማርኛ ነው» አልኳት። «ከመጀመሪያውም አማርኛ ነበር።»