ድምፅ የሌለው ሳምንት

ሚራን ቪዲዮውን እንደገና ከመጀመሪያው አስጀመረችው። ስክሪኑ ላይ ያለችው ሚራን አፏን ትከፍታለች፣ ሰሌዳ ላይ ትጽፋለች፣ ትስቃለች፤ ድምፅ ግን የለም። ማይክሮፎኑን ሳትከፍት ሃምሳ ደቂቃ ሙሉ ስታቲስቲክስ አስተምራለች።

ቪዲዮው ከተጫነ አስራ አንድ ቀን ሆኖታል። ከአርባ አራት ተማሪዎች አርባ ሦስቱ እስከ መጨረሻው አስኪደውታል፤ በዩኒቨርሲቲው ደንብ ደግሞ እስከ መጨረሻው ያስኬደ ሁሉ እንደተገኘ ይቆጠራል። "መምህር፣ አይሰማም" ያላት አንድም ሰው የለም።

መናደድ ነበረባት። ምንም አልተሰማትም። ከምሳ የተረፈውን የሩዝ ጥቅል አንስታ ጎረሰች።

የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ፕሮፌሰር ማ ሳያንኳኩ አንገታቸውን በበሩ አስገቡ።

"አንቺ ጉደኛ! በኦንላይን ተሳትፎ እኮ ሁላችንንም በልጠሻል። ምስጢሩን አካፍይን እንጂ!"

"ምስጢር የለኝም፣ ፕሮፌሰር።"

"ተይ ባክሽ! በይ ሪፖርቱን እስከ አስር ሰዓት ላኪልኝ፤ ውልሽ የሚታደሰው በእሱ ነው። ያቺ አንዷ ቀሪ ግን ምን ሆና ነው?"

ሚራን በየሴሚስተሩ በሚታደስ ውል ስታስተምር ስድስት ዓመቷ ነው። ቀሪዋ ፕዮ ዳይን ትባላለች፤ ቪዲዮውን ስድስተኛው ደቂቃ ላይ አቋርጣዋለች። ሚራን ደወለችላት።

"አቤት መምህር! አንዴ ይቅርታ፣ ደንበኛ ልሸኝ... እሺ መምህር፣ ሱቅ ውስጥ ሥራ ላይ ሆኜ ነው።"

"ያለፈውን ሳምንት ቪዲዮ ለምን አቋረጥሽው?"

"ስልኬ የተበላሸ መስሎኝ ነው። ማዳመጫ ቀየርኩ፣ በእህቴም ስልክ ሞከርኩ። እምቢ አለኝ።"

"ታዲያ አትነግሪኝም?"

"የክፍሉን ልጆች በቡድን መልእክት ጠይቄያቸው ነበር። 'አስኪጂውና ተኚ፣ ምን አስጨነቀሽ' አሉኝ። ያ ሁሉ ሰው ምንም ሳይል እኔ ብቻዬን መምህር ላስቸግር? አፈርኩ። እርስዎ ግን ስድስተኛው ደቂቃ ላይ ስቀው ነበር። ምን ብለው ነው?"

ሚራን ለማስታወስ ሞከረች። አልመጣላትም።

"ረስቼዋለሁ" አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ከፋት።

ስልኩን ዘግታ ሪፖርቱን ከፈተች። ማይክሮፎኑ እንዳልተከፈተ በሁለት መስመር ጻፈች። ከዚያ "የተሳተፉ ተማሪዎች ብዛት" ከሚለው ፊት አርባ ሦስትን አጥፍታ "አንድ" ብላ ሞላችና ለፕሮፌሰር ማ ላከችው። አስር ሰዓት ሊሆን ሃያ ደቂቃ ይቀረው ነበር።