ይድገም

ተሻለች ገሠሠና ሐዲስ መርዳሳ ናዝሬት ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የሕፃናት ክፍል አብረው የሚሠሩ ነርሶች ነበሩ። በ1972 ዓ.ም. አንድ ሰው ለዲግሪ ወደ ውጭ ሄዶ ሥነ ምግብ እንዲማር ዕድል መጣ። ሁለቱም ተፈተኑ። ተሻለች አንደኛ ወጣች፤ ሻንጣም ገዛች።

በሦስተኛው ሳምንት ስሟ ከማስታወቂያ ሰሌዳው ተነሥቶ የሐዲስ ተተካ። ምክንያቱን የመዝገብ ቤቷ ፋዲላ በሹክሹክታ ነገረቻት። ሐዲስ ለሆስፒታሉ የደርግ ካድሬ በገዛ እጁ፣ «ወንድሟ አሁንም ፀረ አብዮተኞችን ይደብቃል፤ እሷም ከሄደች አትመለስም» ብሎ ጽፏል። ነገሩ ፈጽሞ ውሸት ነበር። ሆኖም ወንድሟን ገብረወልድን ከቤቱ ወስደው ስምንት ወር አሰሩት። ሲፈታ ግራ እጁ አይነሣም ነበር። እናታቸው ደግሞ ስንቅ ስታመላልስ ታማ ሞተች።

ተሻለች ቂሟን ይዛ ሥራዋ ላይ ተጠመደች። መጽሐፍ እየተዋሰች አነበበች፤ መልካሳ ምርምር ጣቢያ እየሄደች ስለ ማሽላና ስለ ቦሎቄ ጠየቀች። በ1975 አዲስ አበባ ሄዳ የሙያ ፈተና ወስዳ አለፈችና የሥነ ምግብ ባለሙያ ሆና ተመዘገበች። በአካባቢው ከእሷ ሌላ የተመዘገበ አልነበረም።

ሐዲስ በ1977 ዲግሪውን ይዞ ተመለሰ። ዲግሪው ብቻውን ግን አያስመዘግብም፤ በቅርቡ በወጣው ደንብ መሠረት፣ በተመደበበት አካባቢ በተመዘገበ ባለሙያ ሥር ስድስት ወር መሥራትና የባለሙያውን ፊርማ ማግኘት ግዴታ ነው። ቢሮዋ ሲገባ ተሻለች ከወንበሯ አልተነሣችም።

«ሲስተር፣ እንደምን ከረምሽ?»

«ደህና። ነገ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ወለንጪቲ መጠለያው ጋ እንገናኝ።»

ጊዜው የረሃብ ነበር። በመጠለያው የተጎዱ ሕፃናት ድንኳኑን ሞልተውታል። ተሻለች ሐዲስ ሲሳሳት ለመያዝ ዓይኗን ከእሱ ላይ አልነቀለችም። እሱ ግን አልተሳሳተም። ሕፃናቱን ይመዝናል፣ ወተትና ዘይት ይቀምማል፣ በየሁለት ሰዓቱ በማንኪያ ያጎርሳል። ሰሊማ የምትባል የአርሲ እናት ልጇን ይዛ ልትሄድ ስትነሣ በኦሮምኛ ለምኖ አስቀረት፤ ልጁም ዳነ። ተሻለች ይህን ሁሉ እያየች ይበልጥ ተናደደች። ሰነፍ ቢሆን ይሻላት ነበር።

ስድስት ወሩ ሲያልቅ ቅጹን አቀረበላት። «አስተያየት» በሚለው ቦታ ላይ «ይድገም» ብላ ጻፈች።

ደገመ። ከስቶ፣ ጫማው አልቆ፣ እንደገና ቅጹን ይዞ መጣ።

«እስቲ እውነቱን ንገሪኝ፤ ሥራዬ ጎደሎ ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ምን አድርግ ነው የምትዪኝ?»

«ስለ ወንድሜ የጻፍከው ውሸት መሆኑን በእጅህ ጽፈህ ፈርምልኝ። እኔም ወዲያው እፈርምልሃለሁ።»

ፊቱ አመድ መሰለ። «ይህን ብጽፍ የሚወስዱት እኔን ነው። ልጆች አሉኝ ተሻለች!»

«ገብረወልድም እናት ነበረችው።»

ሐዲስ ባዶ ወረቀት ወደ ራሱ ሳበ። ብዕሩን አነሣ፤ መልሶ አስቀመጠው። ተሻለች ቅጹን ሳበችና «ይድገም» ብላ ጻፈችበት። እንዲህ ያለ ደስታ በሕይወቷ አግኝታ አታውቅም።

ሦስተኛ ጊዜ አልደገመም። አርሲ ውስጥ ሁሩታ ሄዶ የሳይንስ አስተማሪ ሆነ። በድንኳኑ ተሻለች ብቻዋን ቀረች። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ሕፃናት ሞቱ። እሱ ቢኖር ይተርፉ እንደነበር ማንም አልነገራትም፤ እሷም ማንንም አልጠየቀችም።

እሑድ ምሳ ላይ ያደረገችውን ለገብረወልድ ነገረችው። የጎረሰውን አላምጦ ዋጠ።

«እኔ ተበቀይልኝ ብዬሻለሁ?»

«አላልከኝም።»

«ታዲያ ለኔ ብለሽ ያደረግሽው እንዳይመስልሽ።»

«ለራሴ ነው» አለች። «ሻንጣ ገዝቼ ነበር እኮ፣ ገብሬ። እሱ ሄዶ ተማረ፤ እኔ እዚሁ ቀረሁ። ነገ ተመልሶ ቢመጣም ያንኑ ነው የምጽፍለት።»

ገብረወልድ በቀኝ እጁ ውኃ ቀዳላትና ብርጭቆውን ወደ እሷ ገፋ አደረገው። ተሻለች ጠጣች፤ ከዚያ ነጠላዋን አንሥታ የወለንጪቲ አውቶቡስ ሳያመልጣት ወጣች።