ቦዩ ውስጥ የወደቀችው ድንጋይ

ባላባቱ ማዶግ በሞተ በወሩ ሁለት ልጆቹ ርስቱን ሊካፈሉ ወጡ። በዌልስ ሕግ ታናሽ መሬቱን ይከፍላል፤ ታላቅ አስቀድሞ ይመርጣል። ታናሹ ሪሪድ ይህን ከልጅነቱ ያውቀዋል፤ እንደዚያን ቀን ግን አስጠልቶት አያውቅም።

የሚፈልገው የወንዙን ዳር መስክ ብቻ ነበር። ታላቁ አይኒዮን ከአገሩ ገዥ ጋር ዘመቻ ሲውል፣ ረግረግ የነበረውን መስክ ቦይ ቀዶ ያደረቀው ሪሪድ ነው፤ ከገበሬዎቹ ጋር እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ቆሞ። “የማዶግ ልጅ እንደ አሳማ ይቆፍራል” ተብሎ ተስቆበታል።

ስለዚህ ብልሃት ፈጠረ። ወፍጮውንና የአደን ጫካውን ባንድ በኩል አደረገ፤ መስኩን ከድንጋያማው ኮረብታ ጋር በሌላ በኩል። አይኒዮን አደን ይወዳል። ማን ኮረብታ ይመርጣል?

ሽማግሌዎቹ እየተከተሏቸው ድንበሩን ዞሩ።

“ዛሬስ ቸር ሆነሃል” አለ አይኒዮን ጫካውን እያየ። ሪሪድን ቀለል አለው።

መስኩ ላይ ሲደርሱ ግን አንዲት ድንጋይ ቦዩ ውስጥ ወድቃ ውሃውን አግዳለች። ሪሪድ ሳያስበው ጎንበስ ብሎ አነሳት፤ ዳር አስቀመጣትና እጁን በሣሩ ጠረገ። ቀና ሲል አይኒዮን እያየው ነው።

“መስኩንና ኮረብታውን” አለ አይኒዮን ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሮ።

“ወንድም ጋሼ፣ ፍየል እንኳ የማይወጣው ኮረብታ እኮ ነው!”

“ያቺን ድንጋይ ባታነሳት ወፍጮውን እወስድ ነበር። የምትሳሳለትን ነገር ደብቀህ ልታሞኘኝ?”

“መስኩ ምን ያደርግልሃል? አካፋ ጨብጠህ አታውቅ!”

“እማራለኋ። ደግሞስ ምን አነሰህ? ቤቱን፣ ትልቁን ድስት፣ መጥረቢያውንና ማረሻውን ሕጉ ለአንተ ለታናሹ ሰጥቶሃል። ሂድና ሾርባህን ቀቅል።”

ሽማግሌዎቹ ሳቁ።

እናታቸው ኔስት ወሬውን የሰማችው ሪሪድ ቤት ሳይደርስ ነው።

“እፈልገዋለሁ ብለህ ብትነግረውስ ኖሮ?”

“ይሰጠኝ ነበር?”

“እኔ እንጃ። አባትህም ለምኖ አያውቅም።”

መልሷ ይበልጥ አናደደው።

ቅጠል ሲረግፍ ዝናቡ በረታ። ሪሪድ ከወፍጮው ሲመለስ ውሃው መስኩን ሊውጠው ደርሶ አየ። አይኒዮን አካፋ ይዞ፣ አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ በከንቱ ይቆፍራል። ጭቃው ጉልበቱ ደርሷል።

“ሪሪድ! ቦዩ የት ጋ ነው የተዘጋው?”

ሪሪድ የት እንደሆነ ያውቃል። ይህችን ቀን ሲመኛት ከርሟል፤ ዝም ብዬ ብቆም ደስ ይለኛል ብሎ ነበር። ውሃው ሣሩን እያስተኛ መጣ። ደስ አላለውም።

“ስማኝ እንጂ! የት ጋ ነው?”

“ከትልቁ ዛፍ ሥር!” ብሎ ጮኸበት፤ እንደሚሳደብ ሰው። “ከሥሩ ነው፣ ከሥሩ! ደግሞ አካፋውን ገልብጠህ ያዘው!”