ከአጥሩ ላይ የሚጣራው ሞረዳ

የበቅሎ ደላላው ሞረዳ ሰው ሳያናግር መዋል የማይሆንለት ሰው ነበር። በነቀምቴ ገበያ ሻጭና ገዢ ሲጨቃጨቁ መሃል ገብቶ በኦሮምኛም ባማርኛም እያሳቀ ያስማማቸዋል። ሚስቱ ቀለሟ ግን ዝምታ ትወዳለች፤ ስፌቷን ይዛ ብቻዋን ብትውል ደስታዋ ነው።

በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ነቀምቴ ሲደርስ ገበያው ተበተነ፤ ሰው ሁሉ በሩን ዘጋ። ቀለሟ የጀመረችውን ሌማት ጨርሳ ሌላ ጀመረች። ሞረዳ ግን ጠወለገ። ሳል የለው፣ ትኩሳት የለው፤ ብቻ እህል አልበላ አለው፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። አንድ ቀን ከቤቱ ምሰሶ ጋር ስለ በቅሎ ዋጋ ሲከራከር ሰማችው። መጀመሪያ ሳቀች፤ ቆይታ ግን ፈራች። ለእሷ ዕረፍት የሆነው ጸጥታ ባሏን እየጎዳው መሆኑ ገባት።

በማግስቱ ማለዳ እጁን ይዛ መንደሩ ሁሉ ወደሚታይበት ወደ ጓሮ አጥር ወሰደችው።

«እስቲ ጎረቤቱን ይጥሩ» አለችው።

«ማንን?»

«ሁሉንም። ድምፅ በሽታ ይዞ አይሄድም።»

ሞረዳ አመነታ። ከሁሉ ቤቱ የሚቀርበው የጎጃሙ ደብተራ፣ አለቃ ተክለጻድቅ ነው። ብቻውን የሚኖር ሰው ነው፤ በአንዲት በቅሎ ሽያጭ ከተኳረፉም ቆይተዋል።

«አለቃ! አካም ቡልተኒ? እንዴት አደሩ?»

የደብተራው በር ሲጥጥ ብሎ ተከፈተ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። የሸጥክልኝ በቅሎ ግን ዛሬም ታነክሳለች።»

ሞረዳ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ያን ቀን ጠግቦ በላ።

ከዚያ ወዲያ በየማለዳው ቤቱን ሁሉ በስም እየጠራ ይጠይቃል፤ ሰዉም ከየደጁ ይመልሳል። ዝም ያለ ቤት ካለ በቅርብ ያለው ጎረቤት አጥሚት ደጃፉ ላይ ያስቀምጣል። ያልተረፉም ነበሩ። ባሏ የሞተባት ጎረቤታቸው በቀለች ዝም ስትል አጥሚቱን ያደርስላት የነበረው አፍና አፍንጫውን በነጠላው የሸፈነው አለቃ ተክለጻድቅ ነው። አንድ ማለዳ «ፈያዳ፣ ድኛለሁ» የሚል ቀጭን ድምፅ ከቤቷ ሲወጣ መንደሩ ከየአጥሩ እልል አለ።

በሽታው አልፎ ገበያው ሲከፈት ቀለሟም አብራው ወጣች። ጸጥታው ሰልችቷት አይደለም፤ በሰው መሃል ሲስቅ ልታየው ፈልጋ ነው። ሞረዳ ያገኘውን ሁሉ እያቀፈ ሲያወራ ዋለና ድምፁ ተዘጋ። ወደ ቤት ሲመለሱ አንዲት ቃል አልተነጋገሩም፤ ሁለቱም ግን ፊታቸው በርቶ ነበር።