ጭድ የቀረበላት አውሮፕላን

በዚህ ታሪክ ውስጥ ጠብታ ውሸት ብጨምር የዲማው ጊዮርጊስ በፈረሱ ይርገጠኝ። በመሐላ የምጀምረው ወድጄ አይደለም። ከደብረ ማርቆስ እስከ አማኑኤል ባለው መንገድ ላይ ቢምረው ማለት ውሸታም ማለት ነው ብሎ የሚያምን ሰው ሞልቷል። ከስድስተኛ ክፍል የተባረርኩትም መምህሩ ስለ ዝናብ ጻፉ ቢለን፣ ዓሣ ስለዘነበበት ቀን ጽፌ ነው። ይሄኛውን ግን አገር አይቶታል።

ሁለት ሺህ አንድ ዓ.ም፣ ግንቦት ነው። ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ የአውሮፕላን ሜዳ ነበረን። ሜዳ ስል ሣር ማለቴ ነው። አውሮፕላን በዓመት አንዴ ቢመጣ ነው፤ በቀረው ጊዜ ከብት ይግጥበታል። ደንቡን ግን ሁሉም ያውቀዋል። አውሮፕላን ሲመጣ መጀመሪያ ከላይ አንድ ዙር ይዞራል፣ እኛ ሮጠን ከብቱን እናስወጣለን፣ ከዚያ ያርፋል። እንግዳ ከአጥር ውጭ ቆሞ «ቤቶች!» ብሎ፣ ግቡ እስኪሉት እንደሚጠብቀው ማለት ነው። ይህን ውሻ እንኳ ያውቃል፤ ሳይጣራ የገባን የሚነክሰው ለዚህ ነው።

የዚያን ዕለት ሰማዩ እንደታጠበ ሳህን ጠርቷል። የተምች መድኃኒት የምትረጭ አንዲት ትንሽ ነጭ አውሮፕላን ከሰሜን በኩል ብቅ አለች። ዙሩን ትታ ቀጥ ብላ ወረደች። የእትዬ ሥራነሽ በሬ፣ ቦራ፣ መሐል ሜዳ ላይ ነበር። ደንብሮ ሲሮጥ ከፈፋው ገባና የፊት እግሩ ተሰበረ። ከመታረድ በቀር ሌላ ተስፋ አልነበረውም። እትዬ ሥራነሽ ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ ያሏትም ሁለት በሬዎች ናቸው። እርሻ በተጀመረበት ወር ከጥማድ አንዱ ሲጎድል፣ የቀረው ጌጥ ነው።

ከአውሮፕላኗ ሁለት ሰዎች ወረዱ። አንደኛው ጥቁር መነጽር ያደረገ፣ ትከሻው ላይ የወርቅ መስመር የተሰመረለት ካፒቴን ኃይለ ሚካኤል ነው። ሌላዋ ረዳቱ ሔዋን፣ ገና ወጣት ናት። ካፒቴኑ መሬት እንደረገጠ እኔን ጠራኝና ዓባይ በየት በኩል እንደሆነ ጠየቀኝ። አስቡት እንግዲህ። እኛ በእግራችን ሄደን የማናጣውን ገደል፣ ከሰማይ ቁልቁል እያየ አጣው። በአገጬ አሳየሁት።

አውሮፕላኗን ወደ ዳር እንድገፋ አዘዘኝ። እየገፋሁ ጆሮዬን ጣልኩ። ለካ አየርም አጥር አለው። በትልልቅ ማረፊያዎች ዙሪያ ያለው ሰማይ ጠባቂ አለው፤ በሬዲዮ ጠርተህ ፈቃድ ካላገኘህ አትገባበትም። እነዚህ መንገድ ጠፍቷቸው ሲቅበዘበዙ ከባሕር ዳር ሰማይ ሳያስፈቅዱ ዘው ብለው ኖሯል፤ ጠባቂዎቹ ተቆጥተው አስወጧቸው። ካፒቴኑ ለሔዋን፣ ዛሬውኑ አዲስ አበባ ከገባን ለአለቃችን የምነግረውን እኔ አውቃለሁ፣ እዚህ ከተያዝን ግን የበረራ ፈቃዴን ይነጥቁኛል ይላል።

እሱ እንደቸኮለ እትዬ ሥራነሽ እያለቀሰች ደረሰች። ሌላ ሰው ቢሆን እግዜር ያጽናሽ ይላል። ይሄ ግን በሬሽ በተከለከለ ቦታ ያለ ፈቃድ ስለገባ ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ አላት። እሪ አለች። አገሩ ወጣ። አንድ ፖሊስም መጣ፤ ነገሩን ሰማና ሽማግሌ ይየው ብሎ ጥላ ፈልጎ ተቀመጠ።

ሽማግሌ ማለት የኔታ አካለ ወልድ ናቸው። ዲማ ቅኔ ሲያስተምሩ ኖረው ዓይናቸው ደክሟል፤ ምላሳቸው ግን ትናንት የተሳለ ነው። ከሜዳው ዳር ካለው ባሕር ዛፍ ሥር ተቀመጡና ካፒቴኑን አስጠሩት።

«በሬው ሳያስፈቅድ ገባ ነው የምትል?» አሉት።

«አዎ አባ። ክልክል ቦታ ነው።»

«አንተስ ልጄ፣ ስትገባ ቤቶች ብለሃል?»

ካፒቴኑ ሳቀ። አውሮፕላን ቤቶች አይልም አለ። ሥራው በሙሉ በፈቃድ እንደሆነ፣ ከአዲስ አበባ እስከዚህ ያልተፈቀደለትን ጋት አየር እንዳልነካ መነጽሩን ሳያወልቅ ተናገረ።

እኔ አላስቻለኝም። ብድግ ብዬ የሰማሁትን አንድ በአንድ ዘረገፍኩት። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነት ብናገር ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ።

«ተቀመጥ ቢምረው፣ ዓሣውን ነገ ታዘንበዋለህ» አለኝ አንዱ።

ካፒቴኑም አብሮ ሳቀና የእናንተ ምስክር ይሄ ነው ወይ አለ። እንደዚያ ቀን ተዋርጄ አላውቅም። ውሸቴን ሲሰሙልኝ ኖረው እውነቴን ጣሉብኝ።

ያን ጊዜ ሔዋን ተነሳች።

«እውነቱን ነው» አለች። «በሬዲዮ ጥራቸው ብዬ ሁለት ጊዜ ለመንኩት። እኔ የማንን ደጅ እጠናለሁ አለኝ።»

የኔታ ጭራቸውን አንዴ ወዝወዝ አደረጉ።

«በሬው ቤቶች ማለት አይችልም፤ አፍ የለውም» አሉ። «አንተ አፍ አለህ፤ ያውም ባሕር ዳር ድረስ የሚሰማ። በል፣ ይህቺ ነገር ያንተ ናት?»

ካፒቴኑ ከዕዳው ያመለጠ መስሎት አውሮፕላኗ የመሥሪያ ቤቱ እንጂ የእሱ እንዳልሆነች በፍጥነት አስረዳ።

«እንግዲያስ የሰው ማሳ የገባች የባዘነች ከብት ናት። ባለቤቷ እስኪመጣ ትታሰራለች።»

እኔ መጫኛ አምጥቼ የአውሮፕላኗን እግር ከባሕር ዛፉ ጋር ጠፍሬ አሰርኩ። በእኛ አገር ደግሞ የባዘነ ከብት ያሰረ ማብላት ማጠጣት አለበት፤ ካላበላ ዕዳው ወደ እሱ ይዞራል። እኔ ደንብ አልጥስም። አንድ ሸክም ጭድ ከአፍንጫዋ ሥር አፈሰስኩላት፤ ውኃም በገንዳ አቀረብኩ። ካፒቴኑ ወደ ፖሊሱ ዞሮ ጮኸ። ፖሊሱም ንብረትህን እየጠበቁልህ ነው፣ አመስግናቸው አለው።

የኔታ ግን ክፉ ሰው አይደሉም። ቀስ ብለው መውጫ ሰጡት። እንደ አገሩ ወግ ድንጋይ ተሸክሞ እትዬ ሥራነሽ እግር ሥር ይውደቅ፣ አጥፍቻለሁ ይበል፣ በሬ እንደሚተካላት በሰው ፊት ቃል ይግባ፤ መጫኛው ይፈታል፣ ጀንበር ሳትጠልቅ አገሩ ይገባል።

«ለበሬ ብዬ ነው ድንጋይ የምሸከመው?» አለ።

በዚህች አንዲት ቃል ቀኑ አለፈበት። ሔዋን ለአለቃቸው ስልክ ደወለች፤ የኔታ ባለቤቱን ጥሩልን ብለዋታልና።

በማግስቱ ረፋድ ላይ በአዲስ አበባ መንገድ አቧራ ታየ። ነጭ መኪና ነው። ካፒቴኑ አቧራውን ሲያይ መነጽሩ ወለቀ። ትናንት የናቀውን ድንጋይ ለመፈለግ ሜዳውን ሲያካልል፣ እንቁላል የጠፋባት ዶሮ ይመስል ነበር። ቡጢ የምታህል ጠጠር ይዞ መጣ። የኔታ በእጃቸው ዳበሷትና ይህቺ ለወፍ ማባረሪያ ናት አሉት። ደህና የሚከብድ አመጣ። በማጅራቱ ላይ ተሸክሞ፣ የወርቅ መስመሩ አፈር ለብሶ፣ እትዬ ሥራነሽ እግር ሥር ተንበረከከ። ሔዋንም ከጎኑ ተንበረከከች።

«አጥፍቻለሁ» አለ። እትዬ ሥራነሽ አልቅሳ፣ እግዚአብሔር ይፍታህ አለችው።

ድንጋዩ ሳይወርድ አለቃው ከመኪናው ወረደ። ድንጋይ የተሸከመ ካፒቴን አየ። በመጫኛ የታሰረች አውሮፕላን አየ። ጭዱን ሲያይ ቆመ። ስለ ባሕር ዳሩ ነገር ከዚያው ከጠባቂዎቹ አስቀድሞ ሰምቶ ነው የመጣው። ካፒቴኑ ምን እየሠራ እንደሆነ ጠየቀ።

«አሁን ገና ቤቶች እያለ ነው» አሉት የኔታ።

ካፒቴኑ የበረራ ፈቃዱን ተነጠቀ። አለቃው ግን ሰው ነው፤ ከአማኑኤል ገበያ ደልደል ያለ በሬ አስገዝቶ ለእትዬ ሥራነሽ አስረከበ። በሬውን ካፒቴን አልነው። የሚያርስላት ወንድሟ ጅራፉን እያጮኸ «ካፒቴን፣ ትልምህን ያዝ!» ሲል እስከ ዋናው መንገድ ይሰማል። ትልሙን ስቶ አያውቅም፤ በስሙ አልወጣም።

እንግዲህ መሐላዬ ከባድ ስለሆነ አንዲት ነገር ልመልስ። ጭዱ፣ መጫኛው፣ ድንጋዩ፣ ሁሉም እንዳለ ነው። ካፒቴኑ «አጥፍቻለሁ» አለ ያልኩትን ግን እኔ ነኝ የጨመርኩለት። ድንጋዩን ተሸክሞ አፉን እንደዘጋ ቀረ። ቃሉን ያለችው ከጎኑ የተንበረከከችው ሔዋን ናት። እትዬ ሥራነሽም «ይፍታሽ» ነው ያለችው።