ኦክቶበር የሚደርሰው ዘር

ኤፕሪል ላይ ነው፤ እሑድ ከሰዓት። ባሌ ነጋ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለችው ጠባብ አፓርትማችን ወጥ ቤት ተቀምጦ የካናቢስ ዘር ይመርጣል። እኔ ቆሜያለሁ። ከፀነስኩ ወዲህ መቀመጥ የሚባል ነገር ጠልቻለሁ፤ ከመስኮቱ ወደ ፍሪጁ፣ ከፍሪጁ ወደ መስኮቱ እመላለሳለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክፍሉ የሚባል አብሮ አደጉ እላይ ሰሜን፣ ሜይን ውስጥ መሬት ይዞ፣ ለሕመምተኞች ካናቢስ የሚያመርትበት ፈቃድ ከስቴቱ አውጥቷል። ነጋ ደግሞ አገር ቤት እርሻ ተምሮ ሲያበቃ ክሪስታል ሲቲ ተጓዥ ወደ ኤርፖርት የሚያመላልስ የፓርኪንግ ሸትል እየነዳ የሰው ሻንጣ ማውጣትና ማውረድ አንገፍግፎታል። ክፍሉ «ዘሩን አንተ ምረጥ፣ ሰመሩን፣ እስከ አጨዳው፣ አብረን እንሥራ» አለው። እኔም እሺ አልኩ። የፈለግኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ልጃችን ክርስትና በሚነሣበት ቀን አባትየው አጠገቤ እንዲቆም። የኔ አባት በኔ ክርስትና አልነበረም። እናቴ እስከ ዛሬ ያንን ቀን ስታነሣ ድምጿ ይለወጣል።

«ይቺኛዋ» አለ ነጋ፣ ክፍሉ የላከለትን ፎቶ በስልኩ እያሳየኝ፣ «ለማበብ የቀኑን ማጠር አትጠብቅም። ኦገስት ላይ ትደርሳለች። ግን ድንክ ናት፤ ምርቷ እፍኝ አይሞላም።»

«ሁለተኛዋስ?»

«ሴፕቴምበር መጨረሻ። አበባዋ ሳሳ ስለሚል ንፋስ ያስገባል፤ ሻጋታ ቶሎ አይዛትም። ለብርድ አገር ብለው ነው ያወጧት።»

«በቃ፣ እሷን ያዝ!»

«ቤዚዬ፣ እስቲ መጀመሪያ ሦስተኛዋን እያት።»

አየኋት። ከሰው ቁመት ትበልጣለች፤ አበባዋ እንደ በቆሎ ራስ ደንድኗል። ኦክቶበር መጨረሻ ትደርሳለች፣ «ፎሉ ደረቅ ከሆነ» ይላል ሻጩ፤ ፎል ማለት መኸሩ ነው። የሜይንን የአየር ጠባይ ደግሞ አንብቤ ጨርሻለሁ፤ ኦክቶበር ሳይጋመስ ውርጭ ይጥላል።

«ውርጭ ቢመታትስ?»

«እንሸፍናታለን።»

«ክርስትናውስ?»

መልሱን አዘጋጅቶ ነበር። «ሴት ናት አላሉሽም እንዴ? ሴት ሰማንያ ቀን ነው። ኦገስት መጨረሻ ብትወልጂ፣ ክርስትናው ኖቬምበር ይውላል ማለት ነው። አጭጄ፣ አድርቄ፣ ታጥቤ እመጣለሁ!»

ከኛ ሰው በቀር እንዲህ ያለ ስሌት ማን ያሰላል? ወንድ በአርባ ቀኑ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ይነሣሉ፤ ባሌ እሱን ይዞ ሦስተኛዋን ዘር መረጠ። አልትራሳውንድ ያነሣችን ባለሙያ ግን «ሴት ትመስለኛለች፤ ጀርባዋን ሰጥታኛለች» ነበር ያለችው። ነጋ «ሴት» የሚለውን ሰማ። «ትመስለኛለች» የሚለው እኔ ጆሮ ውስጥ ቀረ። የዘሩም ነገር እንዲሁ ነው፤ ኦክቶበርን ሰምቶ ደረቁን ዘለለው። በጣም ተናደድኩ። ግን ፊቱ እንደዚያ ከበራ ስንት ጊዜው ነበር፤ «እሺ፣ እሷኑ ያዝ» አልኩት።

ሜይ ላይ ሲሄድ፣ እናቴ ለክርስትናው ብላ ከደሴ የላከችውን ጋቢ ሻንጣው ውስጥ ከተትኩለት።

«እዚያ ይበርዳል አሉ፤ ልበሰው» አልኩት። «ግን ለክርስትናው ይዘኸው ትመጣለህ። ልጃችንን የምንጠቀልለው በሱ ነው።»

መያዣ መሆኑ ነበር። ገብቶት ሳቀ፤ ግንባሬን ስሞኝ ሄደ።

ሰመሩን ሙሉ ዊተን የምሠራበት ክሊኒክ የታካሚ መቀበያው ጋ ሆኜ የሜይንን አየር ስከታተል ከረምኩ። የታመመ ሰው ፊቴ ቆሞ እኔ የዝናብ ደመና አያለሁ። ነጋ ፎቶ ይልካል። ጁን ላይ ተክሏ ጉልበቱ ጋ ደርሳለች፤ ጁላይ ላይ ደረቱን አልፋለች፤ ኦገስት ላይ ከራሱ በላይ ሆነች።

«አበባው የት አለ?» እለዋለሁ።

«ቀኑ ይጠር እንጂ! ምን ያስቸኩልሻል?»

ምጡ ከተባለው ቀን ቀድሞ መጣ። ሆስፒታል ያደረሱኝ ከኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩት ወይዘሮ እታለማሁ ናቸው። ልጁ ሲወጣ ነጋ በስልኩ ስፒከር ላይ ነበር። ወይዘሮ እታለማሁ አፋቸውን በእጃቸው ከለል አድርገው፣ ነርሶቹ እንዳይቆጧቸው በቀስታ እልል ማለት ጀመሩ። እነሱ አገር ለሴት ሦስት፣ ለወንድ ሰባት ነው፤ ነጋም ያውቃል።

«አንድ!» ይላል እየሳቀ። «ሁለት! ሦስት! እሰይ የኔ እመቤት!»

አራተኛው እልልታ መጣ። ነጋ መቁጠሩን ተወ። ወይዘሮ እታለማሁ ሰባቱን ሞሉ።

«ነጋ?» አልኩ።

«አለሁ» አለ። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ያለኝ ከዚያ በኋላ ነው።

ለሁለት ቀን መጥቶ ልጁን አቅፎ፣ ስሞ ተመለሰ። ሴፕቴምበር ሲጋመስ ኮል አደረገ።

«ቄሱን ጠይቂልኝ እስቲ። ትንሽ ገፋ ማድረግ አይቻልም?»

«ምኑን? አርባውን ነው የምትገፋው?»

«ውርጩ በዚያው ሳምንት ነው ተብሏል። ያኔ ለመድረስ ገና ሦስት ሳምንት ይቀራታል። ክፍሉ ብቻውን ሸፍኖ አይዘልቀውም፣ ቤዚ።»

«ለአንድ ቀን ና። ሌላ ምንም አልጠየቅኩህም።»

«እመጣለሁ» አለ። «በማርያም፣ እመጣለሁ።»

ደስ አለኝ፤ እውነቱን ልናገር፣ አመንኩት። የሚለብሰውን ሸሚዝ ሳይቀር ተኩሼ ሰቀልኩለት።

የክርስትናው ዕለት ማለዳ አሌክሳንድሪያ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ከወይዘሮ እታለማሁ ጋር መኪና ውስጥ ሆነን ነጋን እየጠበቅነው ሳለ ስልኬ ጮኸ። ፎቶ ነው። ሜዳው በውርጭ ነጭ ሆኗል። ተክሎቹ በተርታ ቆመዋል፤ አንሶላ ያለበሱት አለ፣ ፕላስቲክ ያለበሱት አለ። ከፊት ያለችው፣ ትልቋ፣ በጋቢ ተጠቅልላለች። ቀይና አረንጓዴ ጥለቱ አንገቷ ጋ በገመድ ታስሯል።

«ተረፉልን! ተመስገን!» ይላል ከሥሩ። «መምጣቱ ግን አልሆነልኝም የኔ ፍቅር። በሰማንያው ቀን መጥቼ እክስሻለሁ።»

«ምን አለ? የት ደረሰ?» አሉ ወይዘሮ እታለማሁ።

አሳየኋቸው። ትንሽ አዩና «ያ የእናትሽ ጋቢ አይደለም እንዴ?» አሉ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ልጄን ከሆስፒታል ይዤው በመጣሁት ሮዝና ሰማያዊ መስመር ባለው ጨርቅ ጠቀለልኩት። ከፀነስኩ ወዲህ እግሬ ለመጀመሪያ ጊዜ አረፈ። ወደየትም መመላለስ አላሰኘኝም።

«ጋቢው እዚያው ይቅር» ብዬ ጻፍኩለት። ትንሽ አሰብኩና «አንተም» ብዬ ጨመርኩ።

ስልኩን ለወይዘሮ እታለማሁ ሰጥቼ፣ ልጄን ታቅፌ ከመኪናው ወረድኩ።