የአባቴ ሽቶ

አባቴ ታርሙጂ ወጣትነቱን የጨረሰው በባሕር ሰርጓጅ መርከብ ውስጥ ነው። ያቺ መርከብ ጡረታ ወጥታ እዚሁ ከተማችን ሱራባያ፣ ወንዙ ዳር ሙዚየም ከሆነች ሃያ ዓመት አልፏታል። እናቴ ካሲያቲ ግን አንድም ቀን ገብታባት አታውቅም ነበር። እንሂድ ባልኳት ቁጥር «ጣውንቴን ልጠይቅ ልሂድ እንዴ?» ትለኛለች። ቀልድ ይመስለኝ ነበር።

ባለፈው እሑድ ልጄ ላራስ ለልደቷ ምን እንደምትፈልግ ብንጠይቃት «የአያቴን መርከብ ማየት!» አለች። እናቴ ለላራስ እምቢ ማለት አይሆንላትም። አዲሱን ባቲክ ቀሚሷን ለብሳ ተከተለችን።

መርከቧ ውስጥ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው የሚታለፈው በጠባብ ክብ ቀዳዳ ነው።

«ይሄ በር ነው የድስት አፍ?» አለች እናቴ።

«መጀመሪያ እግርሽን፣ ከዚያ ጭንቅላትሽን» አላት አባቴ።

«ዳሌዬንስ ውጭ ትቼው ልምጣ?»

እንደ ምንም አለፈች። አባቴ ቶርፔዶ ከሚባለው የባሕር ቦምብ በላይ የተንጠለጠለች ጠባብ አልጋ አሳየን። «የእኔ ነበረች» አለ።

«ከዚህ ብረት ጋር ነበር የምታድረው?»

«እሱ እንኳ አያንኮራፋም።»

ላራስ ዙሪያውን ስትቃኝ ቆየችና «አያቴ፣ ሻወሩ የት ነው?» አለች።

«ሻወር የለም። ውሃው ለመጠጥና ለምግብ ብቻ ነበር። ለገላችን ሽቶ ያድሉን ነበር፤ ጥጥ እየነከርንበት እንጠርግ ነበር። ሁላችንም ናፍጣ የፈሰሰባቸው ሙሽሮች ነበር የምንመስለው።»

እናቴ በሚቀጥለው በር አንድ እግሯን አስገብታ ነበር። እዚያው ቀረች።

«ምን አልክ የዌኒንግ አባት?» ዌኒንግ እኔ ነኝ።

«ሽቶ አልኩ።»

«ከባሕር ስትመለስ ሸሚዝህ ላይ የሚሸተው… እሱ ነው?»

«ሌላ ምን ይሆናል?»

እግሯን ከበሩ ሳታወጣ ቀስ ብላ «እኔ እኮ የማናዶ ሴት ናት ብዬ ነበር» አለች።

«የምን ሴት?»

«ማናዶ ወደብ ትቆሙ አልነበር? ቆነጃጅት ናቸው ሲሉ እሰማለሁ። ስም ሁሉ አውጥቼላት ነበር፤ ሄርሚን።»

አባቴ የጣሪያውን ቧንቧ ይዞ ይንፈቀፈቅ ጀመር። «ቆንጆ ነበረች?»

«በጣም እንጂ! ጸጉሯ ወገቧ ላይ ይደርሳል። ስንቱን ዓመት ስረግማት ኖርኩ፣ ምስኪን!»

እሷም ሳቋ መጣ። እየሳቀች ልታልፍ ስትል በሩ መሃል ተቀረቀረች፤ ወደፊትም የለ፣ ወደኋላም የለ። ከኋላችን አንዲት መምህርት ተማሪዎቿን አሰልፋ ቆማለች።

«እማማ፣ ይቅርታ፣ ይለፉ ወይም ይመለሱልን፤ ልጆቹ በሙቀት አለቁ።»

«ቆይ ልጄ፣ ስንት ዘመን የያዝኩትን ነገር ነው የማወራርደው!»

አባቴ ወደ ውጭ ተመልሶ በመርከቧ መውጫ በኩል ዞሮ ገባና ከፊት ጎተታት፣ እኔና መምህርቷ ከኋላ ገፋናት፣ ተማሪዎቹ በአንድ ድምፅ «አንድ! ሁለት! ሦስት!» አሉ። እናቴ እንደ ቡሽ ተስፈንጥራ አባቴ ደረት ላይ ወደቀች። መርከቧ በጭብጨባ ተናጋች።

ወጥተን ጥላ ሥር ሩጃክ፣ በርበሬ የበዛበት የፍራፍሬ ሰላጣ፣ ስንበላ አባቴ የፍራፍሬውን ቁራጭ በሹካው ያንቀሳቅሳል።

«እንዲያ ካሰብሽ ለምን አልተውሽኝም?» አላት።

እናቴ በርበሬው አቃጥሏት ከንፈሯን እየጠረገች አየችው። «ስትመጣ ደስ ይለኝ ነበራ» አለች። «አንድ ሳምንት አኮርፍሃለሁ ብዬ እምላለሁ፤ ቦርሳህን ይዘህ በሩ ላይ ስትቆም ግን ኩርፊያው ይጠፋብኛል።»

አባቴ ከሩጃኩ ጋር የመጣለትን የሽሪምፕ ቂጣ አንስቶ እሷ ሳህን ላይ አደረገላት።

ላራስ ወደ ቤት እንሂድ ስትል እናቴ ቀሚሷን አራግፋ ተነሣች። «የት ነው የምንሄደው? ከውሃው ሥር ሆነው ሽቅብ የሚያዩበትን መነጽር መች አየሁት?» ብላ የአባቴን እጅ ይዛ ወደ መግቢያው ተመለሰች።